አንቱታ የማይገባበት ጠረጴዛ

በሰፈሩ መቀሴን የማያውቅ የለም፤ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቅ ግን ከስንት አንድ ነው። ስሙን ያወጣችላት ጓደኛዋ ቁልፌ ናት። መቀሴ ልጇን አዝላ ሥራ ፍለጋ ስፌት ቤቱ በር ላይ የቆመች ዕለት፣ ባለቤቱ ጋሼ «ምን ትችያለሽ?» ብለው ጠየቋት። ከጠረጴዛው ላይ መቀስ አነሳችና አንድ የተጣለ ቁራጭ ጨርቅ ሳትለካ፣ ሳታሰምር፣ ቀጥ አድርጋ ለሁለት ከፈለችው። ጋሼ ሁለቱን ቁራጮች አገጣጥመው ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩ። ያን ጊዜ አንዲት ቀጭን ሴት ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ፣ «ኧረ ይቺስ መቀስ ይዛ ነው የተወለደችው!» አለች። ስሙ በዚያው ቀረ።

ያቺ ቀጭን ሴት ቁልፌ ናት። ቁልፍ በመትከልና የቁልፍ ቀዳዳ በማውጣት የሚደርስባት ስለሌለ መቀሴም በተራዋ ስም አወጣችላት፤ ብድሯን መለሰች ማለት ነው። ሌላው የድሮ ሰው ተኳሹ ነው። ተኳሽ ሲባል ጠመንጃ የሚመስላቸው አሉ፤ የእሱ መሣሪያ ካውያ ብቻ ነው። አዲስ ደንበኛ በመጣ ቁጥር ቁልፌ፣ «አይፍሩ፣ ይግቡ፤ ተኳሻችን ሸሚዝ እንጂ ሰው አይነካም» ትላለች። ቀልዱ አርጅቶ ፀጉሩ ሸብቷል፤ ተኳሹ ግን አሁንም ይስቃል።

በዚያን ጊዜ ስፌት ቤቱ እርስ በርስ የተያያዙ ሦስት ጠባብ ክፍሎች ነበሩ። አንዷ ሰፊ አንድ ቀሚስ ከጀመረች የምትጨርሰው ራሷ ናት። ክፍሎቹ በር ስላልነበራቸው ሁሉም የሁሉንም ሥራ ያያል፤ ያየውንም አያስቀርም። «አንቺ! ይሄ እጅጌ ለሰው ነው ለዝሆን?» ስትል ቁልፌ፣ መቀሴ ከወዲያ «የአንቺን ቁልፍ ለመቆለፍማ ጉልበተኛ መቅጠር አለብን!» ትላታለች። ጨርቅ ሊበላሽ ሲል ቁልፌ በእንጨት ማስመሪያዋ የመቀሴን እጅ መታ ታደርጋለች። ያማል፤ ጨርቁ ግን ይተርፋል። መቀሴ ከዚያ የተሻለ ትምህርት ቤት አልገባችም ቢባል ውሸት አይሆንም።

ሥራው እያደገ ሲሄድ ክፍሎቹ ጠበቡ። ትምህርት ቤቶች የደንብ ልብስ ማዘዝ ጀመሩ፤ ሆቴሎች ተከተሉ። ጋሼ ድሮ የእንጨት መጋዘን የነበረ አዳራሽ ተከራዩ። ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፤ መስኮቶቹ ከሰው ራስ በላይ ናቸው፤ የስፌት መኪናዎቹ ጩኸት ግድግዳ ለግድግዳ ይንጫጫል። መሐሉ ላይ ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ የመቁረጫ ጠረጴዛ ተሠራ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ መቁረጫ መጣ። አዲስ ሠራተኞች ገቡ፤ አብዛኞቹን ከየቤታቸው አስሳ ያመጣቻቸው መቀሴ ነበረች። ባሏ የሞተባት አለች፤ ልጆቿን አስተኝታ የሰው ልብስ ስታጥብ የኖረች አለች። ከእነሱ አንዷ በዕድሜ መቀሴን የምትበልጥ ጨርቅ አንጣፊ ናት። ከገባች ጀምሮ ከ«እሺ» እና «እግዜር ይስጥልኝ» በቀር ቃል ስላልወጣት ቁልፌ «እትዬ ዝምታ» ብላታለች።

አሠራሩም ተለወጠ። አሁን አንዷ ኮሌታ ብቻ ትሰፋለች፣ አንዷ እጅጌ ብቻ፣ አንዷ ኪስ ብቻ። ሙሉውን ቀሚስ የሚያየው መጨረሻ ላይ ያለው ተኳሹ ነው። የድሮዎቹ አጉረመረሙ። «እኔ ቁልፍ እንጂ የሰው ልብስ ካየሁ ስንት ዘመኔ» አለች ቁልፌ።

የጋሼ ጉልበት በዚያው ሰሞን ታመመ። አዳራሹን ተመላልሰው መቆጣጠር አቃታቸው። አንድ ጠዋት ሁሉንም ሰብስበው መቀሴን አጠገባቸው አቆሙና፣ «ከዛሬ ጀምሮ አለቃችሁ እሷ ናት» አሉ። «አለቃ ደግሞ ይከበራል። አንቺ የሚላት ሰው እንዳልሰማ! አንቱ ነው የምትሏት። ተግባባን?»

«ተግባብተናል» አለ አዳራሹ።

ቁልፌ መጀመሪያ በቀልድ ነው የጀመረችው። ወገቧን ሰበር አድርጋ፣ «እመቤቴ፣ ሻይ ይፍቀዱልኝ?» አለቻት። መቀሴም ሳቀች። እውነቱ ይነገር ከተባለ ግን ደስም ብሏታል። ልጅ አዝላ በር ላይ የቆመች ሴት «እርስዎ» ስትባል ቁመቷ አንድ ስንዝር ቢጨምር ማን ይፈርድባታል? ትከሻዋን ቀጥ አድርጋ ሄደች። ውሎ አድሮ ግን ቀልዱ ከቁልፌ አፍ ጠፋ፤ «እርስዎ» ብቻ ቀረ። የእንጨት ማስመሪያዋም መሳቢያ ውስጥ ገባ።

መቀሴ አንድ ነገር እንደጎደለ የገባት ቀስ ብሎ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ቧንቧ ሠሪው ባሏ የእቃ ማጠቢያውን ቱቦ ከፍቶ ከሥሩ ተኝቷል፤ ልጃቸው የእጅ ባትሪ ይዛለታለች።

«የሚሉኝ እሺ ብቻ ሆነ» አለች መቀሴ።

«ማን?»

«ሁሉም። ይህን አድርጉ ስላቸው እሺ። ያንን ስላቸው እሺ።»

ባሏ ከቱቦው ሥር ሆኖ ሳቀ። «ታዲያ ይሄ ምኑ ይከፋል? እኔ በዚህ ቤት አንድ እሺ ብሰማ በመስታወት አስገብቼ ግድግዳ ላይ እሰቅለው ነበር!»

«አባዬ፣ ዝም ብለህ ቱቦህን ጠግን» አለች ልጅቷ።

«አየሽ? ይሄው!» አለ ባሏ። መቀሴ ሳቀች፤ ነገሩ ግን ከልቧ አልወጣም።

ከዚያ የሆስፒታሉ ሥራ መጣ። ለነርሶች ጋውን ነው፤ ስፌት ቤቱ ከዚያ በፊት ይዞት የማያውቅ ትልቅ ትእዛዝ። ጨርቁ ሆስፒታሉ በመረጠው ቀለም ተነክሮ ስለተዘጋጀ ትርፍ የለውም። ጋሼ መቀሴን ጠርተው በግልጽ ነገሯት። «ይሄ ከተሳካ አዳራሹ የእኛ ነው። ካልተሳካ ቆልፈነው ወደ ሦስቱ ክፍሎች እንመለሳለን። ሦስቱ ክፍሎች ደግሞ የድሮዎቹን እንጂ አዲሶቹን አይችሉም።» መቀሴ እነዚያን ሴቶች ከየደጃቸው ያመጣቻቸው እሷ ናት። ሥራ ፈትታችኋል ብላ የምትመልሳቸውም እሷ ልትሆን ነው። ከዚያ ዕለት ጀምሮ እንቅልፏ ተሸራረፈ።

የመቁረጡ ቀን ደረሰ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል። የጋውን ፊት ሁለት ነው፤ ቀኝና ግራ። ድሮ በጠባቡ ክፍል ጨርቁን ለሁለት ያጥፉትና ፓተርን የሚሉትን የወረቀት ቅርጽ ላዩ ላይ አድርገው ይቆርጡ ነበር። ጨርቁ ስለታጠፈ አንዱ ንብርብር ቀኝ፣ ሌላው ግራ ሆኖ በራሱ ይወጣል። በአዲሱ ጠረጴዛ ግን ጨርቁ አይታጠፍም፤ ሁሉም ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ አንዱ በአንዱ ላይ ይነጠፋል። ስለዚህ ፓተርኑ አንዴ በፊቱ፣ አንዴ በጀርባው ተገልብጦ መሰመር አለበት። መቀሴ ይህን ታውቃለች። በዚያን ቀን ግን ልቧ ሴቶቹ ላይ ነበር፤ እጇ በድሮው ልማድ ሄደ። ፓተርኑን አንዴም ሳትገለብጥ ከዳር እስከ ዳር አሰመረች። መቁረጫውን አስነሳች። ሰዎቹ በጠረጴዛው ዙሪያ ቆመው አዩ። «ይሆናል አይደል?» አለች ቀና ሳትል።

«እሺ» አሉ።

ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ለአዲሶቹ አገጣጠሙን ለማሳየት ሁለት ፊቶች አነሳች። አልገጠሙም። አንዱን አስቀምጣ ሌላ አነሳች። እሱም እንቢ አለ። አንዱን ስትገለብጠው ቅርጹ ገጠመ፤ የጨርቁ ጀርባ ግን ወደ ውጭ ወጣ። ክምሩን እስከ ታች ፈተሸች። ሁሉም ግራ ነው። የነርስ መንደር ሙሉ የግራ ጋውን! ቀና ስትል የሁሉም ዓይን መሬት ላይ ነበር። አንድም የደነገጠ ፊት አላየችም። እሷን ያስደነገጣት ይሄ ነው እንጂ ጨርቁ አይደለም።

«ቁልፌ» አለች። «አይተሽ ነበር?»

«አይቻለሁ።»

«መቼ?»

«ሲያሰምሩ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

ቁልፌ መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰካች። «ማንን ልንገር? እርስዎን?» አለች። «አንቺ ብትሆኚ በማስመሪያዬ እጅሽን ብዬ ነበር የማስቆምሽ። እርስዎን ግን እንዴት ብዬ ልምታ? ‹እርስዎ ተሳስተዋል› የሚለው ነገር ከአፌ አልወጣ አለኝ። ምናልባት አዲስ አሠራር ይሆናል አልኩ። አለቃ ያውቃል አልኩ።»

ተኳሹም ከወዲያ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔም አይቻለሁ» አለ። «ቁልፌ ዝም ስትል፣ እሷ እንኳ ዝም ካለች ትክክል ነው ብዬ ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር። ሌላ ሰው ያለቅስ ነበር። መቀሴ ወደ ውጭ ወጥታ ከጓሮው ቧንቧ ፊቷን ታጠበች። እዚያው ቆማ ለጋሼ ደወለች።

«የሆስፒታሉን ፊት በሙሉ ግራ አድርጌ ቆረጥኩት፣ ጋሼ።»

«ያቺ አዲሷ አንጣፊ ናት?» አሉ።

«አይደለችም። ጨርቁን በደንብ ነው ያነጠፈችው። ያሰመርኩትም የቆረጥኩትም እኔ ነኝ።»

«መጣሁ» ብለው ዘጉት።

ተመልሳ ገባች። ሁሉም የሚጠብቁት ቁጣ ነበር። እሷ ግን መዳፏን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች።

«ስሙኝ» አለች። «ጋሼ አንቱ በሏት ያሉት ለክብሬ ነው፤ አመሰግናለሁ። ግን ክብሬ ዛሬ ሥራችንን ሊያሳጣን ነው። ከአሁን ወዲያ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አንቱታ አይገባም። እጁ ይሄን እንጨት የነካ ሰው ሁሉ አንተና አንቺ ነው። ከጠረጴዛው ከራቃችሁ በኋላ እንደፈለጋችሁ አክብሩኝ፤ ከፈለጋችሁ ስገዱልኝ። እዚህ ግን ያየ ይናገራል። መቁረጫው ከመነሳቱ በፊት እያንዳንዱ ያየውን ይላል፤ የሚጀምረውም መጨረሻ የተቀጠረው ነው።»

ቁልፌ ብቻ ቀስ ብላ መጣችና ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገች።

«አንቺ!» አለች። ድምፅዋ አዳራሹን ሞላው። «ዞረብሽ እንዴ? ዓይንሽ ወዴት ነበር? ደግሞ ትከሻሽን ቀጥ አድርገሽ የምትሄጂውን ነገር ተዪው፤ ማንጠልጠያ የዋጥሽ ነው የምትመስዪው!»

መቀሴ ፊቷ ቀላ። ከዚያ ሳቋ መጣ፤ እንባም አብሮ መጣ። የድሮዎቹ ሳቁ፤ አዲሶቹም ፈራ ተባ እያሉ ተከተሉ።

«እሺ ተሰደብኩ» አለች። «አሁን መላ አምጡ። ግማሹ ግራ ያስፈልገናል። ግማሹ ትርፍ ነው። ቀኝ የለንም።»

«ጋውኑ አጭር እጅጌ አይደል?» አለች ቁልፌ። «ከትርፉ ፊት እጅጌ ይወጣል።»

«ሁለት ይወጣል» አለች ከአዲሶቹ አንዷ፣ የእጅጌ ሰፊዋ። እጇ ጠረጴዛውን መንካቱን አይታ ቀጠለች። «እኔ ቀኑን ሙሉ እጅጌ ነው የማየው። አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች ካደረግሽው ሁለት ይወጣል።»

«ከመሐሉ የሚተርፈው ለኮሌታ ይሆናል» አለ ተኳሹ። «እኔ በካውያ አደነድነዋለሁ።»

«ስለዚህ ለእጅጌና ለኮሌታ ያሰብነው ጨርቅ ለቀኙ ፊት ይተርፋል» አለች መቀሴ። በሜትሯ ለካችው። ለክታ እንደገና ለካችው። ይበቃል፤ ግን ልክ ልክ ነው። ሌላ ስህተት የሚሸከም ጨርቅ የለም።

እትዬ ዝምታና ሌሎች ሁለት ሴቶች ቀሪውን ጨርቅ አነጠፉ። መቀሴ ፓተርኑን አሁን በጀርባው ገልብጣ አስቀመጠችው፤ ጽሑፉ ወደ ታች ሆነ። ከማሰመሯ በፊት ቁልፌ ከወዲያኛው ዳር ጠራቻትና ትርፍ ፊቶቹን ለእጅጌ እንዴት እንደሚደረድሩ ልታይ ሄደች። በዚህ መሐል ጋሼ ምርኩዛቸውን እያንኳኩ ገቡ። የተናደደ ሰው አይጠይቅም፤ በቀጥታ ወደ ጠረጴዛው ነው የሄዱት። ፓተርኑ ላይ ያለው የራሳቸው የእጅ ጽሑፍ ነው፤ እድሜ ልካቸውን ጽሑፉ ወደ ላይ ሆኖ ነው የሚያውቁት።

«ይሄን ደግሞ ማነው የገለበጠው!» አሉ። መለሱት። በሰለጠነ እጃቸው ሳይደናቀፉ ከዳር እስከ ዳር አሰመሩ። ምርኩዛቸውን ጠረጴዛው ላይ አስደግፈው መቁረጫውን ራሳቸው አስነሱ።

መቀሴ ከወዲያኛው ዳር የሞተሩን ድምፅ ሰማች። ዞር ስትል ቢላው ጨርቁን ሊነካ ነው። ርቀቱ ሩቅ ነው። አፏን ከፈተች፤ እሷም ብትሆን ግን ጋሼን «ተው» ብላ አታውቅም። ቃሉን ትታ መሮጥ ጀመረች።

«አንተ! ተው!»

ሞተሩ ተንጫጫ። ጋሼ እጃቸውን አነሱ። አዳራሹ ውስጥ የስፌት መኪናዎች አንድ በአንድ ዝም አሉ።

እትዬ ዝምታ ናት። ከጋሼ ፊት ለፊት ቆማለች፤ አንድ እጇ አፏን ይዟል፣ ሌላው ግን ጠረጴዛው ላይ እንደተጣበቀ ነው።

«ማነው እንዲህ ያለኝ?» አሉ ጋሼ።

«እኔ ነኝ» አለች እትዬ ዝምታ። «እኔ አይደለሁም... ጠረጴዛው ነው። እዚህ ጠረጴዛ ላይ አንቱ የለም ተብሏል። ወረቀቱን መልሰኸዋል። እንዲህ ከቆረጥከው አሁንም ግራ ነው የሚሆነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ጋሼ መቁረጫውን አጠፉ። ጨርቁን አዩ፤ ወረቀቱን አዩ። የጨርቁን ጫፍ በጣታቸው ገልብጠው ፊቱንና ጀርባውን ዳሰሱ። ሁሉም ሊያባርሯት ነው ብሎ ጠበቀ። መቀሴ በሩጫ ደርሳ ከእትዬ ዝምታ ጎን ቆመች።

«እናቴ ከሞተች ወዲህ» አሉ ጋሼ በመጨረሻ፣ «እጄን ተው ብሎ የያዘው ሰው አልነበረም።» ፓተርኑን አንስተው ገለበጡት። ያሰመሩትን መስመር በመዳፋቸው አጠፉ። «ነይ፣ አስምሪ» አሉ ለመቀሴ። ከዚያ ወደ ቁልፌ ዞረው ዓይናቸውን አጠበቡ። «አንቺም አንተ ልትይኝ ነው?»

«ኧረ ጋሼ፣ ምላሴ ይቆረጥ!» አለች ቁልፌ። «ለማንኛውም ግን ምርኩዝዎን ከጨርቁ ላይ ያንሱ፤ ሊያቆሽሹት ነው።»

መቀሴ አሰመረች። ከመቁረጧ በፊት ዙሪያውን እያንዳንዱን ጠየቀች፤ ሁሉም ያየውን ተናገረ፤ ጋሼም ጭምር። ከዚያ ቆረጠች። ሁለት ፊቶች አንስታ አገጣጠመች። ገጠሙ።

ከዚያ በኋላ የነበረው ቀላል አልነበረም። የእጅጌው ሥራ ፈተናቸው፤ ተኳሹ ኮሌታ እያደነደነ ጣቱን አቃጠለ፤ በተቆረጠው ላይ የተጣሉም ነበሩ። ጋውኖቹ ትንሽ ዘግይተው ነው የወጡት፤ መቀሴም ራሷ ሆስፒታል ሄዳ የዘገየበትን ምክንያት ለነርሶቹ አለቃ ሳትሸፋፍን ነገረቻት። የነርሶቹ አለቃ አንዱን ጋውን ለብሳ እጇን ወዲያና ወዲህ አወዛወዘች። ጎንበስ አለች፣ ተነሳች። ፊቷ ውል ለመፈረም ብዕር ያነሳ ሰው ፊት መሰለ። በመጨረሻ፣ «ለቀጣዩ ክፍልም ትሠሩልናላችሁ?» አለች።

መቀሴ ከሆስፒታል ስትመለስ ሴቶቹ አልሄዱም። የሥራው ሰዓት አልቆ ቦርሳቸውን ይዘው በግቢው ውስጥ ቆመው ይጠብቋታል። ሁሉም ፊቷን ነበር የሚያዩት።

«ነገም እንደዛሬው ግቡ» አለቻቸው።

እልልታ አልነበረም። ቦርሳ የያዙ እጆች ሲላሉ ብቻ ታየ። አንዷ ቁጭ አለች፤ አንዷ ስልኳን አውጥታ ለልጇ መደወል ጀመረች። እትዬ ዝምታ ግን ከኋላ ቆማ ነበር።

«እኔም?» አለች።

«አንቺማ ቀድመሽ ትገቢያለሽ» አለች መቀሴ። «ነገ ገና ጨርቅ ሳይነጠፍ የምጠይቀው አንቺን ነው።»

«ኧረ አንቺ!» አለች ቁልፌ ከኋላ። «እዚህ ግቢ ውስጥ ጠረጴዛ አለ እንዴ? በዕድሜ ይበልጡሻል፤ እትዬ በያቸው!»

መቀሴ አፏን በእጇ ያዘች። «ይቅርታ እትዬ» አለች። «እርስዎ ማለቴ ነው።»

እትዬ ዝምታ የዚያን ቀን ለሁለተኛ ጊዜ ተናገረች። «ግድ የለም» አለች፤ «ለምጄዋለሁ።»